የፒክአፕህ ፊት «ቋ ቋ» ሲል፦ የስታቢላይዘር ጣጣ እና መላው

ባለፈው ክረምት ከዴዶ ስመለስ መኪናዬ ከፊት በግራ በኩል «ቋ ቋ» ማለት ጀመረች። አስፋልት ላይ ዝም ትላለች። ጅማ ገብቼ ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ግን ኮፈኑ ስር በርጩማ የሚጠርብ ሰው የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ፊቷን አንዴ ተጭኖ ለቀቀና «አሞርዛተሩ አልቋል» አለኝ፤ የጎማውን ዝላይ የሚያበርደው ዕቃ ማለቱ ነው። ሁለቱንም ቀየርኩ። ከፍዬ ስወጣ ገና የግቢው በር ላይ ያለችውን ጉድጓድ ስረግጥ፣ «ቋ»! ያው ድምፅ። ከሳምንት በኋላ ጥፋተኛው ተገኘ። መዳፍ ላይ የምትያዝ፣ ካወጣሁት ብር አንጻር ዋጋዋ ምንም የማይባል የስታቢላይዘር ሊንክ።

መካኒክ አይደለሁም። ቡና የምጭንባት ቪጎ (የቶዮታ ፒክአፕ) ያለችኝ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ይህን ሥራ በራሴም በጓደኞቼም መኪና ላይ ደጋግሜ ስለሠራሁት፣ እኔ የከፈልኩትን አንተም እንዳትከፍል ያየሁትን ልንገርህ። እህቴ ከሆንሽም ቁልፉ ያው 17 እና 19 ነው፤ ለወንድ ተብሎ የተሠራ ቡሎን የለም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው

የባልዲ እጀታ አስብ። እሱን አጋድመህ መኪናው ፊት ስር አስገባው። ስታቢላይዘር ማለት ያ ነው፤ ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ የሚሻገር የታጠፈ ወፍራም ብረት። መሃሉ ላይ በሁለት ጎሚኒ (የላስቲክ ማቀፊያ) እና በሁለት ክላምፕ (ማሰሪያ ብረት) ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው አጽም ጋር ይታሰራል። ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ በሊንክ፣ ማለትም በአጭር ማገናኛ ዘንግ አማካኝነት ብዙውን ጊዜ ከታችኛው የጎማ ክንድ ጋር ይያያዛሉ። በቃ። ሦስት ነገር ነው ያለው፦ ብረቱ፣ የመሃል ጎሚኒዎቹ፣ ሊንኮቹ።

ሥራው ሲገባህ ግማሹን ምርመራ ጨረስክ ማለት ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከፍ ሲሉ ብረቱ ጎሚኒው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ምንም አይታገልም። አንዱ ብቻ ሲነሳ ግን ይጠመዘዛል፤ ሲጠመዘዝ ደግሞ እንደ ስፕሪንግ መመለስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መኪናው ወደ አንድ ጎን እንዳያጋድል ይይዘዋል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የጊቤን ጠመዝማዛ የምትወርደው እሱን ተማምነህ ነው። በተለይ ከኋላ ከፍ አድርገህ ከጫንክ።

ሲበላሽ ሁለት ዓይነት ምልክት ይሰጥሃል። አንዱ ድምፁ ነው። ሌላው ኩርባ ላይ መኪናው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ውጭ መጋደሉ ነው። ሊንኩ ትንሽ ሲላላ ድምፅ ብቻ ነው የሚኖረው። ሊንኩ ከተበጠሰ ወይም ብረቱ ከተሰበረ ግን ድምፁ ሊጠፋ ሁሉ ይችላል፤ ሰውም «ተሻለው» ብሎ ዝም ይላል! ድምፁ በራሱ ጊዜ ከጠፋ ደስ አይበልህ፤ ዝቅ ብለህ እየው።

ሳትገዛ በፊት መርምር

በኔ የደረሰው ስህተት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

ስፒድ ብሬከር ፈልግ። ከተማችን ውስጥ ችግር የለም፤ በየሰፈሩ አለ። መጀመሪያ በቀጥታ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡ አድርገህ ቀስ ብለህ እለፍ። ቀጥሎ አግድመህ፣ መጀመሪያ አንዱ ጎማ ከዚያ ሌላው እንዲወጣ አድርገህ እለፍ። በቀጥታ ስታልፍ ዝም ብሎ፣ በአግድመት ስታልፍ «ቋ» ካለ ጣትህን ወደ ስታቢላይዘር መቀሰር ትችላለህ። በሁለቱም የሚጮህ ከሆነ ግን ሌላውንም ጠርጥር፦ የአሞርዛተሩ የላይ ጎሚኒ፣ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ፣ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ)።

አንድ ቀላል ፈተና ደግሞ አለ። ድምፁ እያለ ፍሬኑን በትንሹ ንካው። ወዲያው ዝም ካለ ስታቢላይዘር አይደለም፤ የፍሬን ሸራው ቤቱ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ ሊሆን ይችላል። ከሞተር ስር ያለው መከላከያ ብረት ቡሎኑ ላልቶም እንደዚሁ ያታልላል። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ሊንክ ከገዛ በኋላ ነው ያ ብረት መሆኑን ያወቀው። ሳቅኩበት፤ ግን የኔን አሞርዛተር ስላነሳብኝ ብዙም አልሳቅኩም።

ከዚያ ከስር ግባ። ፒክአፕ ከፍ ያለ ስለሆነ ክሪክ እንኳ ሳያስፈልግህ ካርቶን አንጥፈህ መግባት ትችላለህ። ግን ሜዳ ላይ ይሁን፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ የኋላ ጎማ ላይ ድንጋይ ይደረግ። መሪውን ወደ አንድ ጎን ሙሉ አዙረው፤ ክፍተት ታገኛለህ።

ሊንኩን በእጅህ ጨብጠህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ጤነኛ ሊንክ እንቢ ይላል። ጠበቅ ባለ መልኩ መሽከርከር ብቻ ነው የሚፈቅድልህ። «ጠቅ ጠቅ» የሚል ነገር በጣትህ ከተሰማህ አልቋል። ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግራሶው ወጥቶ ጭቃ ከገባበትም፣ ዛሬ ባይንኳኳ በቅርቡ መንኳኳቱ አይቀርም።

ቀጥሎ የመሃል ጎሚኒዎቹ። ወፍራም ካቻቢቴ ወይም ረጅም ፌሮ በብረቱና በሻንሲው መሃል አስገብተህ ቀስ ብለህ ፈልቅቅ። ብረቱ ጎሚኒው ውስጥ ሲዘል ካየህ፣ ወይም በጎሚኒውና በብረቱ መሃል ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት ካለ ይቀየራል። የኛ አገር ቀይ ጭቃ እዚህ ላይ ክፉ ነው። ጎሚኒው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ጎሚኒውንም ብረቱንም ይበላል።

አሁንም ካልለየልህ የመጨረሻው ፈተና ሁለቱንም ሊንኮች ፈትቶ መንዳት ነው። ባዶ መኪና፣ ጭር ያለ ሰፈር፣ በእርምጃ ፍጥነት። ብረቱ የፍሬን ጎማ ቱቦውን ወይም ጎማውን እንዳይነካ በሽቦ እሰረው። ድምፁ ከጠፋ ሌባው ተያዘ። ካልጠፋ ሊንክ አትግዛ። አንዱን ብቻ አትፍታ፤ የተፈታው ጫፍ እየተወዛወዘ ሌላ ድምፅ ይፈጥርብህና ጭራሽ ግራ ትጋባለህ። ደግሞም በዚህ ሁኔታ ወደ ዋናው መንገድ እንዳትወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እየመረመርክ ቦል ጆይንቱ ወይም የመሪው ጫፍ ላይ ልቅነት ካገኘህ የስታቢላይዘሩን ጉዳይ ተወው። እሱን መጀመሪያ አሠራ። የስታቢላይዘር ሊንክ ቢበጠስ መኪናህ ያጋድላል፤ ቦል ጆይንት ቢወልቅ ግን ጎማው ነው የሚወድቀው።

ዕቃ ስትገዛ

አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድ። «የቪጎ ሊንክ ስጠኝ» ብቻ ካልክ የተሳሳተ ይዘህ ትመለሳለህ። ያው ስም ያለው መኪና በሁለት ጎማ የሚነዳውና በአራቱም ጎማ የሚነዳው ይለያያል፤ በአንዳንድ ሞዴል የግራና የቀኝ ሊንክም አንድ አይደለም። ለመሃል ጎሚኒ ደግሞ ዋናው ነገር የብረቱ ውፍረት ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ተዋስና ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦታ ጠርገህ ለካው። አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር የሰፋ ጎሚኒ አዲስ ሆኖ ሳለ ይንኳኳል።

ብረቱ ራሱ ተበልቶ ከቀጠነ? ብዙ ሰው ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቆርጦ ይጠቀልልበታል። አድርጌው አውቃለሁ። አንድ ሁለት ወር ያስተኛል። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው አልከለክልም፤ ግን ጥገና ነው ብለህ አትቁጠረው።

ጅማ ውስጥ ካጣኸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልከህ በአውቶብስ ማስመጣት ይቻላል። ፎቶ ብቻ ሳይሆን ልኬቱን ጽፈህ ላክ። ሁልጊዜም በጥንድ ግዛ። የግራው ካለቀ የቀኙም ያንኑ መንገድ ነው የሄደው።

ወደ ሥራው

ከማታው ጀምር። ጭቃውን በውሃ አጥበህ፣ የቡሎኖቹን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ፣ የዛገ ቡሎን የሚያላላውን ደብሊው ዲ 40 ንፋበት። ከሌለህ ትንሽ ናፍታ በብሩሽ ጥርሱ ላይ ብቻ ቀባ፤ ጎሚኒ አታስነካ። ሌሊቱን ይዋጠው። ይህን ዘልለህ ጠዋት በጉልበት ከመጣህ የክላምፑ ቡሎን ሻንሲው ውስጥ ይሰበርና የአንድ ሰዓቱ ሥራ ብየዳ ቤት ያደርስሃል።

አሁን ዋናው ነጥብ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ፦ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ወይ ሁለቱም መሬት ላይ፣ ወይ ሁለቱም እኩል ተነስተው። አንዱን ብቻ በክሪክ ካነሳህ ያነሳኸው ጎማ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ያኛው መሬት ላይ ይቀራል፣ ብረቱ በመሃል ተጠምዝዞ ይወጠራል። ያን ጊዜ ሊንኩን ብትነቀንቅ ጠንካራ ይመስልሃል፤ ያለቀውን ደህና ነው ትላለህ። ቡሎኑ አልወጣ ይልሃል። እንደምንም ሲወጣ ደግሞ ብረቱ ፈንጥሮ ይመታሃል። የግራ እጄ አውራ ጣት ጥፍር በዚህ ምክንያት ነው ጠቁሮ የከረመው። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ እጄን አይተው «ልጄ፣ አንዱን እግር አንስተህ ነው አይደል የፈታኸው?» አሉኝ። ሳልነግራቸው።

ጎማ ማውለቅ ካስፈለገህ ሁለቱንም ጎን አንሳና ሻንሲው ስር ጠንካራ መደገፊያ አድርግ። ብሎኬት አይሆንም። ሆዱ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ደንዳና ግንድ ይሻላል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ደግሞ ጭንቅላትህን አታስገባ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ሊንክህ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

አንደኛው እንደ ቪጎ ያለው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቦል ያለው ነው። ዳዶውን (ጥርሱ ላይ የሚጠብቀውን ብረት) ስትፈታ ቦሉ አብሮ ይዞርና ያናድድሃል። መፍትሔው ከጥርሱ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ናት፤ በአለን ቁልፍ እሷን ይዘህ ዳዶውን በሌላ ቁልፍ ፍታ። ቀዳዳዋ በጭቃ ስለምትደፈን መጀመሪያ በምስማር ጥረጋት። አንዳንዱ ከቀዳዳ ይልቅ ከጀርባው ለቁልፍ የሚሆን ጠፍጣፋ ቦታ አለው። ሁሉም ካልሠራ በግራይንደር ዳዶውን ቁረጠው። አሮጌውን መልሰህ አትገጥመውም፣ አትዘንለት። የፍሬን ቱቦውን ግን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍን፤ ብልጭታው አይራራም።

ሁለተኛው የድሮዎቹ ፒክአፖች ላይ የምታየው ረጅም ቡሎን ነው፤ ጎሚኒና ራንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ስስ ብረት) ተደርድሮበት መሃሉ ላይ ቱቦ ያለው። ሲፈታ ሁሉም ይበተናል። ስለዚህ ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ራንዴላ፣ ጎሚኒ፣ የስታቢላይዘሩ ጫፍ፣ ጎሚኒ፣ ራንዴላ፣ ቱቦ፣ ራንዴላ፣ ጎሚኒ፣ የታችኛው ክንድ፣ ጎሚኒ፣ ራንዴላ። ሲጠብቅ ጎሚኒው ትንሽ አብጦ ከራንዴላው ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን አቁም። «ይጠንክር» ብለህ እስኪጨፈለቅ ካጠበቅከው በቶሎ ይሰነጠቃል። እኔም ያለቅጥ አጥብቄ ለሁለተኛ ጊዜ የገዛሁት በዚህ ነው።

ለመሃል ጎሚኒዎቹ የክላምፑን ቡሎኖች ፍታ። ጎሚኒው በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ስለሆነ ብረቱን ሳታወጣ ከፍተህ ታወልቀዋለህ። ከማውለቅህ በፊት ስንጥቁ ወዴት እንደሚያይ እይ፤ አዲሱም እንደዚያው ይገባል። ብዙ ብረት ላይ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያግድ ቀለበት አለ፤ ጎሚኒው ከቀለበቱ በየትኛው ጎን እንደነበረም አስተውል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ብረቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሊንኩ ተጣሞ ነው የሚያገኘው።

ብረቱን እርቃኑን ስታገኘው ጊዜ ስጠው። በጨርቅ ወልውለህ መታጠፊያዎቹን ተመልከት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች እዚያ ነው የምትጀምረው። ጎሚኒው የነበረበትን ቦታ በጣትህ ዳስስ፤ እንደ ወገብ ከሰረገደ ቀጥኗል። ከተሰነጠቀ ብየዳ ቤት አትውሰደው። ሰዉ ሁሉ «በይድና ልቀቀው» ይልሃል። ይህ ተራ ብረት አይደለም፤ እየተጠመዘዘ እንዲመለስ በሙቀት የተዘጋጀ የስፕሪንግ ብረት ነው። ብየዳው ያንን ጠባዩን ይገድለዋል፤ ከብየዳው አጠገብ ሌላ ቦታ ይሰበራል። የሚሰበረው ደግሞ ቆሞ ሳለ ሳይሆን ኩርባ ላይ ሲወጠር ነው። ደህና ያገለገለ ብረት ፈልገህ መግዛት ይሻልሃል።

አዲሱን ጎሚኒ ስታስገባ ግራሶ አትቀባ። ተራ ግራሶ ጎሚኒን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። የሲሊኮን ግራሶ ካገኘህ እሱን፣ ካጣህ የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ሁሉንም ቡሎን መጀመሪያ በእጅ ጥርሱን አስይዝ፤ አንዱንም አትጨርስ። ከዚያ መኪናውን አውርድ፣ ፊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነህ ልቀቀው፣ ቁመቱን ይያዝ። ማጥበቁ ከዚያ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ያጠበቅከው ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጣሞ ይቀራል። መጠኑ በመኪናህ የጥገና መጽሐፍ ላይ በኒውተን ሜትር ተጽፏል፤ ባለ መለኪያ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ካወቅክ ሄደህ አስጨርስ። ጫፋቸው ላይ ፕላስቲክ ያለባቸውን ዳዶዎች ደግሞ መልሰህ አትጠቀም፣ ለአንድ ጊዜ ነው የተሠሩት።

ሥራው ካለቀ በኋላ

ያንኑ ስፒድ ብሬከር ሂድና በሁለቱም መንገድ እለፈው። ዝም ካለ ጥሩ። ከዚያ አጋሮ ደርሰህ ተመለስ፤ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኩርባውም አስፋልቱም ፒስታውም እዚያው አለልህ። ስትመለስ ሁሉንም ዳዶ እንደገና ፈትሽ። አንዱ ትንሽ መላላቱ የተለመደ ነው።

እጥበት ቤት ስትወስዳት ከስር ናፍታ ወይም የተቃጠለ ዘይት እንዳይነፉባት ንገራቸው። «ዝገት ይከላከላል» ይላሉ። ለብረቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጎሚኒውን ግን ይጨርሰዋል። ይልቅ በክረምት በሳምንት አንዴ ከስር በውሃ ብቻ ጭቃውን ያውርዱልህ። ጎሚኒ የሚበላው የደረቀው ጭቃ ነው ብያለሁ።

መኪናውን ከፊት ከፍ ያስደረግክ ሰው ደግሞ ሊንክህ ቶሎ ቶሎ ቢያልቅ አትገረም። ከፍ ሲል ሊንኩ ከተሠራበት አንግል ይወጣል፣ ቦሉ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ተወጥሮ ይኖራል። ወይ ዝቅ አድርገው፣ ወይ ለከፍታው የሚስማማ ረዘም ያለ ሊንክ ፈልግ።

«ለምን ጭራሽ አላወልቀውም?» የሚሉ አሉ። ገራ ወይም ሊሙ ገጠር ገብተህ በኮረኮንች ላይ በእርምጃ ስትሄድ ያለ ስታቢላይዘር ጎማዎቹ እንደልባቸው ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ከዚያ ቡና ጭነህ አስፋልት ላይ ትወጣለህ። በ80 ስትሄድ ድንገት ባጃጅ ፊትህ ገብታ መሪውን ብትጠመዝዝ የጫንከው ጆንያ ወዴት እንደሚሄድ አስበው። እኔ አላወልቅም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ድምፁ ከመጣ፣ መጀመሪያ የገዛኸውን ሊንክ ጠርጥር። ርካሹ ሁለት ወር ሳይሞላው ሲላላ አይቻለሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ ካርቶንህን አንጥፍ፣ ጨብጠህ ነቅንቀው። «ጠቅ» ካለህ ደረሰኝህን ይዘህ ወደ ሱቁ።